ስልኩ የእህቴን የክርስትና ስም የጠራ ጊዜ

ስልኩን የላከልን ባሕር ዳር የሚሠራው አጎታችን ነው። ለራሱ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን በሚኒባስ ሾፌር እጅ ሰደደው። ማዕዘኑ ላይ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ አንድ ሰው በጥፍሩ ፍቆ ፍቆ የተወው የኳስ ቡድን ተለጣፊ አለበት። እኔና እህቴ ያኔ ንፋስ መውጫ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንማረው። ቤታችን ወደ ቤተ ልሔም ደብር በኩል ገጠር ነው፤ እናታችን በየቅዳሜው ገበያ ስንቅ ይዛልን ትመጣለች፣ አባታችን ከበሬዎቹ ጋር ይቀራል። እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፣ የመልቀቂያ ፈተናዋም ተቃርቧል። እኔ በክፍል ከእሷ ዝቅ፣ በምላስ ከእሷ ከፍ ያልኩ ነበርኩ።

ስልኩን በጣም ወደድነው። ካርድ የምንሞላው ለፈተና ጥያቄ ነው እያልን ነበር፤ ለጥያቄም ሞልተናል፣ ለሌላም ሞልተናል። አንድ ቀን እህቴ ቀይ ጫማ አየች። ገዝታ አይደለም፤ ምን ገንዘብ አላት! ብቻ ነካችው፣ አጉልታ አየችው፣ ተረከዙን አየች፣ ተወችው። ጫማው ግን እሷን አልተዋትም። የኬሚስትሪ ጥያቄ ስንፈልግ ከጎን ቆሞ እናገኘዋለን። የመዝሙር ግጥም ስናወጣ ከሥር ብቅ ይላል።

«ይኼ ጫማ ወዶሻል» አልኳት።

«ከወደደኝ ሽማግሌ ይላክ» አለች።

ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ በፊት ምን እንደሚያምረን የጠየቀን ሰው አልነበረም። የማናውቀው አንድ ሰው፣ በማናውቀው ከተማ፣ ስለ እህቴ እግር የሚያስብ ይመስል ነበር።

አሁን ስለ ስም ልናገር፤ ያለዚያ የሚመጣው አይገባም። እኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው። አንደኛው የሚጠራበት ነው፤ መምህሩም ጎረቤቱም ያውቀዋል። ሁለተኛው የክርስትና ስሙ ነው፤ ያ ይደበቃል። የክርስትና ስምሽንና የእናትሽን ስም አንድ ላይ ያገኘ ሰው ድግምት ሊያስደግምብሽ ይችላል ይባላል። እናቴ ለጸሎት ስማችንን ስታስይዝ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣ ከቄሱ ጆሮ ሥር ገብታ ነው የምትናገረው። ትንሽ ሆኜ አንድ ጊዜ ከእህቴ ጋር ተጣልተን፣ በንዴት የክርስትና ስሟን ደጅ ላይ ልጠራ አፌን ስከፍት የእናቴ እጅ አፌን ግጥም አድርጎ ያዘው። ከየት እንደመጣች አላየሁም። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። አልመታችኝም፤ ግን ዓይኗን ሳይ ከዱላ የባሰ ነገር ልሠራ እንደነበር ገባኝ።

መልእክቱ የመጣው እሑድ ከሰዓት ነው። ስልኩ በእኔ ተራ ነበር። እህቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ እየሞቀች ታጠናለች። ድምፅ አሰማ፤ ከፈትኩት። «ወለተ…» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ያለውን እዚህ አልጽፈውም፤ የእህቴ ነው። ሙሉውን፣ ሳይሳሳት ጽፎታል። ከዚያ እንዲህ ይላል፤

«…ሆይ፣ ንፋስ መውጫ ሆነሽ ትደክሚያለሽ፤ ያነበብሽውን ግን አንድ ዓይን ይወስድብሻል። ለፈተናሽ መፍትሔው በእጃችን ነው። ይህን ንኪ።»

መጀመሪያ ያደረግኩት በሩን ማየት ነበር። ከእህቴ በቀር ማንም የለም። ግቢው ውስጥ የተሰጣ ልብስ ብቻ ይርገበገባል።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ እህቴ።

ስልኩን ሰጠኋት። አነበበች። ደብተሯን ዘጋች፣ ስልኩን በፊቱ ደፋችው፣ ከላዩ የሽሮ ጣሳ አስቀመጠችበት። «ማን ነገረው?» አለች። እኔን አይደለም የጠየቀችው፤ ጣሳውን ይመስለኛል።

በማግሥቱ ሌላ መጣ። ከዚያም ሌላ። አንዱ መንገድሽ ተዘግቷል ይላል፤ አንዱ ጓደኛ የመሰለችሽ ትቀናብሻለች ይላል፤ ሁሉም መጨረሻው ላይ ይህን ንኪ ይላል። ሁሉም በዚያ ስም ነው የሚጠራት። እህቴ መንገድ ላይ በተራ ስሟም ሲጠሯት መዞር ተወች። የክፍሏ ልጅ አብረን እናጥና ብላ ብትመጣ በሩን ሳትከፍት መለሰቻት፤ «ጓደኛ የመሰለችሽ» ተብላለቻ። መጽሐፉን ትከፍትና አንዱን ገጽ ብቻ ደጋግማ ታያለች። «ሳነበው ይጠፋል» አለችኝ አንድ ቀን፣ ቀስ ብላ። «ልክ እንዳለው። ሳነበው ይሄዳል።» እኔም ውኃ ልቀዳ ስወጣ ከኋላዬ ሰው ያለ እየመሰለኝ ባልዲውን እስከ ግማሽ እየሞላሁ እመለስ ጀመር።

ቅዳሜ እናታችን መጣች። ስንቁን ሳታወርድ የእህቴን ፊት አየች።

«ምን ሁነሽ ነው አንች? ከስተሻል።»

ነገርናት። ልብ ብላ ሰማችና ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። «እኔ አልተናገርሁ። አባትሽ ስሙን ራሱ ረስቶታል፤ ዓምና ጠይቄው የእህትሽን ጠራልኝ። የክርስትና እናትሽ ነፍሷን ይማር አፈር ሁናለች። እህትሽስ?»

«እማየ! እኔ?» አልኩ።

«ምላስሽ ረጅም ነው ብየ ነው። እሽ፣ አንችም አይደለሽ። እንግዲህ ማን ቀረ?»

የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ የንስሐ አባታችን። ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ ቄስ ናቸው። የቤታችንን ሁሉ ምስጢር ያውቃሉ፤ የእናቴን እኔ የማላውቀውን ጭምር። እናቴ ስማቸውን አልጠራችም። ብቻ ጣቷ ታጥፎ ቀረ፣ ፊቷም አብሮ።

ከዚያ ከቦርሳዋ ጸበል የያዘ ጠርሙስ አወጣችና፣ እኔ «እማየ ተይ!» እስክል፣ ስልኩን እንደ በሽተኛ ልጅ ረጨችው። ስልኩ አንድ ጊዜ በርቶ ጠፋ።

«ይኸው!» አለች። «ለቀቀ!»

«ለቀቀ አይደለም፤ ተበላሸ!»

ውኃውን እንዲመጥጥለት ጤፍ ውስጥ ልቀብረው ስል እህቴ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀቷ መሀል፣ «ጤፉ በቀዳዳው ይገባል፤ ሽንብራ ውስጥ ክተችው» አለችኝ። ሽንብራው ጆንያ ውስጥ ቀበርነው። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አውጥቼ ስከፍተው በራ። በርቶ መጀመሪያ ያሳየን ምን መሰላችሁ? ስሟን። ከሽንብራው ውስጥ ሆኖ ሲጠራት የቆየ ይመስል ሁለት መልእክት ተደርቦ ገባ። እናቴ አማተበች፣ እኔም አማተብኩ።

እናቴ እሑድ ስትመለስ ቁርጡን ነገረችን። የሚቀጥለው ቅዳሜ መጥታ እህቴን ወደ ቤት ትወስዳታለች። ጸበል ትገባለች፣ እስኪለቃት ከተማ አትመጣም። ፈተናው ደግሞ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ረቡዕ ይጀምራል።

«ፈተናውስ?» አልኩ።

«ፈተናው ለዓመቱም አለ። ልጄ ግን ለዓመቱ ላትኖር ትችላለች።»

እህቴ አልተከራከረችም። ይኼ ነው ያስፈራኝ። ነርስ እሆናለሁ ስትል የኖረች ልጅ፣ ከእኔ ጋር በሳሙና ቁራጭ እንኳ የምትከራከር ልጅ፣ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አስፓልቱ ዳር አንዲት ሴትዮ ቀይ ጫማ አድርጋ ስታልፍ አየሁ። ያ ጫማ ትዝ አለኝ። እህቴ ያየችው አንድ ቦታ ነው፣ አንድ ጊዜ። የተከተላት ግን በሄደችበት ሁሉ ነው። ጫማውን ያየችበት ቦታ ለሌላው ካልነገረ፣ ሌላው በምን አወቀ? ነገሩ ልክ እንደ ሒሳብ ሲፈታ እግሬ መንገዱ ላይ ቆመ፤ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋብኝ። ሮጥኩ።

«ስምሽን ለማን ነገርሽው?» አልኳት ገና በሩ ላይ ሆኜ።

«ለማንም።»

«አስቢ እስቲ።»

«ለማንም አልኩሽ! ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።»

«በአፍሽ አላልኩም። በጣትሽስ?»

ያጠፈችውን ቀሚስ ፈታችው። ከዚያ ቀስ እያለች ተናገረች። ከወር በፊት አንድ ገጽ መጥቶላት ነበር፤ የብራና ሥዕል ያለበት፣ መስቀል ያለበት፣ በሚያምር ፊደል «የክርስትና ስምዎ በግእዝ ምን ማለት ነው?» የሚል። ስሟን ጠየቃት፣ ጻፈች። የእናቷን ስም ጠየቃት፣ ጻፈች። ስልክ ቁጥሯንና ያለችበትን ከተማም። መጨረሻ ላይ «አሁን ከምንም በላይ የሚያስጨንቅዎ ምንድን ነው?» አላት። «ፈተናዬ» ብላ ጻፈች። ትርጉሙን ሰጣት። ቆንጆ ትርጉም ነበር አለች፤ ሁለት ቀን ስታስበው ውላለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ምኑን?» አለች፣ ከልቧ ተገርማ። «ያ እኮ ሰው አይደለም። በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን ሆኜ ነው የጻፍኩት። ለማን ነገርሽ ስትሉኝ ሰው በሰው ነው የፈለግኩት።»

እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው። እኛ ስም ስንደብቅ ከጆሮ ነው የምንደብቀው። ከጎረቤት፣ ከምቀኛ፣ ከደብተራ። በተዘጋ በር ውስጥ ጆሮ ይኖራል ብሎ ማን ያስተማረን አለ?

እህቴ ግን አሁንም አላመነችም። ያ መንፈሳዊ ገጽ ነው፣ መስቀል አለበት፣ እንዴት ይሠራዋል ትላለች። ስለዚህ ወጥመድ አጠመድኩ። ያንን ገጽ ፈልጌ አገኘሁትና አዲስ ልጅ ፈጠርኩ። «ወለተ» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ በምድር ላይ ማንም ቄስ ለማንም ሕፃን የማያወጣውን ቃል አስከተልኩበት። አሜኬላ። ወለተ አሜኬላ፤ የእሾህ ልጅ። ለእናቷም እንደዚሁ የአረም ስም ሰጠኋት። ስልክ ቁጥር ሲለኝ የእኛኑ ሰጠሁት፤ የሚያስጨንቃትን ሲጠይቀኝ «ባል» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ ትከሻዬ ላይ ሆና እያየች «ኀጢአት ነው» አለች፤ ግን አልከለከለችኝም።

ገጹ ለአሜኬላም ትርጉም ሰጣት። «የተመረጠች፣ በብዙዎች መካከል የምታበራ» ይላል።

ማክሰኞ ምንም የለም። ረቡዕም የእህቴ ስም ብቻ። ሐሙስ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ፤ ሁለታችንም እጃችንን ሰደድን። «ወለተ አሜኬላ ሆይ፣» ይላል፣ «ትዳርሽን የያዘ አንድ ዓይን ደጅሽ ላይ ቆሟል። መፍትሔው በእጃችን ነው። ይህን ንኪ።»

እኔ ዘለልኩ። አልጋው ላይ ወጥቼ ጨፈርኩ። እህቴ ግን ወደ በሩ ነበር የምታየው። «የሌለችም ልጅ ደጅ ላይ ቆመ?» አለች።

ቅዳሜ እናታችን መጣች። ገበያ ላይ የንስሐ አባታችንን አግኝታ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች፤ እሳቸውም ነገሩ ቢያሳስባቸው ተከትለዋት እስከ ክፍላችን መጡ። ሲገቡ እኔና እህቴ መስቀሉን ተሳለምን። እናቴ የስንቁን ጆንያ ስትፈታ ቀረች።

«ምነው ልጄ፣ መስቀሉ ምን በደለሽ?» አሉ።

«መስቀሉ ምንም አልበደለኝ አባ።»

«እንግዲያ እኔ ነኛ።»

እናቴ ከጆንያው ሳትነሣ ተናገረች። «የልጄ ስም አደባባይ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም። ሌላ የሚያውቅ ደግሞ የለም።»

አባ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። መስቀሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩት ጀመር። የዚያን ሁሉ ሰው ምስጢር ይዘው ያረጁ ሰው ናቸው።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «አባ፣ እርስዎ አይደሉም! ይስሙኝ!» ብዬ ስልኩን ይዤ መሀል ገባሁና አነበብኩ።

«ወለተ ምን?» አሉ።

«አሜኬላ፣ አባ። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

«አንቺ ፈጠርሽ!» መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ጥምጥማቸው እስኪያዘነብል ሳቁ። «ክርስትና ያነሣት ማን ነው? አንቺው ነሽ?»

«ምኑ ነው የሚያስቅ?» አለች እናቴ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ጫማው፣ ስለ ብራናው ሥዕል፣ ስለ እሾኋ ልጅ። ደጋግማ ጠየቀችኝ።

«እና ስሟን የወሰደው ማን ነው? ፊቱን ላየው።»

«ፊት የለውም እማየ። የጻፍነውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ከዚያ ለሚገዛው ይሸጣል።»

«ስም ማን ይገዛል?»

«ለሚፈራ ሰው መድኃኒት መሸጥ የሚፈልግ። ማን ምን እንደሚያስፈራው ካወቀ ይበቃዋል።»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ገልብጣ ጀርባውን አየች። «ድሮ ጠንቋይ እንኳ ቤቱ ይታወቅ ነበር» አለች በመጨረሻ። ተነሥታ አባ ጫማ ላይ ወደቀች። «ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ተነሽ፣ ተነሽ።»

ተነሥታ ግን ነገሩን አልጨረሰችም። «ይኸው ስሟ ወጥቷል። ሌላ ስም ያውጡላት።»

«ጥምቀት አንዲት ናት፤ ታውቂያለሽ። ሁለተኛ ስም የለኝም።»

ይኼን ጊዜ እህቴ ተናገረች። በዚያ ሳምንት ከፍ ባለ ድምፅ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። «ታዲያ እስከ መጨረሻው ሊጠሩኝ ነው?»

አባ ሊያባብሏት አልሞከሩም። ያንን ወደድኩላቸው። «ሊጠሩሽ ይችላሉ» አሉ። «የወጣውን ማን ይመልሰዋል? ግን ልጄ፣ እኔ ስምሽን ስጠራ ማንን እንደምጠራ አውቃለሁ። በሰማንያ ቀንሽ አይደለም እንዴ ያየሁሽ፤ ዓይንሽ ያኔም ትልቅ ነበር። እነዚህ አንቺንም እሾኹንም በአንድ አፍ ነው የጠሩት። እሾህና ልጅ ያልለየ፣ ምን ያስርሻል?»

እናቴ ወደ እሳቸው ዞረች። «ትፈተን?»

«ትፈተን እንጂ!»

እህቴ ያጠፈችውን ልብስ ከቦርሳው አወጣች።

ስልኩ አልተወንም። ፈተናው እስኪደርስም ጠራት፤ ከዚያም በኋላ ጠርቷታል። አሜኬላንም አልተዋትም። ለእሷ የፊት ቅባት መጣላት፤ የሙሽራ ቀሚስ መጣላት፤ ዓረብ አገር ሥራ አለ ተባለች። አንዳንድ ቀን መልእክቷን ሳነብ ክፍላችን ውስጥ ሦስተኛ ልጅ ያለች ይመስለኛል፤ የምታገባ፣ የምትፈራ፣ የምታድግ፣ እኔ የጀመርኳት ሌላ ሰው የሚያሳድጋት። ዕድሜዋን አልነገርኳቸውም ነበር። እነሱ ግን ሞሉላት።

የፈተናው ቀን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ይዤው ቆምኩ። እህቴ ከገባች ብዙም ሳይቆይ በእጄ ውስጥ ተርገፈገፈ። ስሟ ነው። «ፈተናሽ ዛሬ ነው» ይላል። «ብቻሽን አይደለሽም።»

ዞር ብዬ አየሁ። የቆመ ባጃጅ፣ በር ላይ ዘበኛው፣ ግንቡን ተደግፈው የሚጠብቁ እናቶች። ነፋሱ የሰው ነጠላ ይገልባል። ቀኑን ማን ነገረው? እሱን እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። ስልኩን አጥፍቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ጠፍቶም ይሞቅ ነበር።

ሲወጡ ከሩቅ ለየኋት። ፊቷ ቀልቷል፣ ጣቷ ላይ የእርሳስ ጥቁረት አለ። ገና ሳትደርስ እጇን ዘረጋች፤ ለስልኩ መስሎኝ ነበር፤ የያዝኩላትን ዳቦ ነው የፈለገችው።

«ጮኸ?» አለችኝ እየጎረሰች።

ልዋሻት አስቤ ነበር። «ጮኸ።»

«ምን አለ?»

«ብቻሽን አይደለሽም አለ።»

ማኘኳን አቆመች። ከዚያ፣ ስንት ቀን ያላየሁትን ሳቋን፣ ትልልቅ ዓይኖቿን ጭፍን አድርጋ ሳቀች።

«ውሸቱን ነው» አለች። «ብቻዬን ነበርኩ እኮ! ወረቀቱና እኔ ብቻ። ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!»